ወንበሩ ላይ ያለው ማን ይባላል?

በካምፓላ፣ ናኪቩቦ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው የሚመጣውን ጥሩምባ ማስቆም አልችልም። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ እናንተ ታገሡኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ቃል ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቃታል፤ «ኢንከምበንት» ትባላለች። ምርጫ ሲደርስማ ሬዲዮው ሌላ ቃል ያለው አይመስልም፤ ኢንከምበንቱ እንዲህ አሉ፣ ኢንከምበንቷ ተሸነፉ፣ ኢንከምበንቱ ሊወዳደሩ ነው። አንድ ወጣት ወንድማችን «ጋሼ፣ ይህቺ ነገር በአማርኛ ምን ትባላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «በሥልጣን ላይ ያለው» አልኩት። «እሱማ ማብራሪያ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ቃሉን ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ዕዳ ልከፍል ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ልነሣ። ከቦሌ ተነሥተን እዚህ አገር ስንመጣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው እንቴቤ ነው። «እንቴቤ» በሉጋንዳ ወንበር ማለት ነው። ሙጉላ የሚባል የጥንት የጎሣ አለቃ በዚያ ከድንጋይ በተጠረበ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርድ ነበርና ቦታው «የሙጉላ ወንበሮች» ተባለ ይላሉ። እንግዲህ ሁላችንም ወደ ኡጋንዳ የገባነው በወንበር በኩል ነው። ከገባን በኋላስ? ቤት ስንከራይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባ፣ ወረቀት ስንጠየቅ፣ የነዋሪነት ደብዳቤ ፍለጋ የሄድነው ሴንቴቤ ዘንድ ነው፤ የሰፈሩ ምክር ቤት፣ የኤልሲ ዋን፣ ሰብሳቢ ዘንድ። «ሴንቴቤ» ከዚያው ከእንቴቤ የወጣ ነው፤ ባለ ወንበሩ እንደ ማለት። የቡጋንዳው ንጉሥ፣ የካባካው ዙፋንም «ናሙሎንዶ» የሚባል የራሱ ስም አለው። እዚህ አገር ሥልጣን ማለት መጀመሪያ መቀመጫ ነው።

እኛም ከዚህ አንርቅም። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚያ «መንበር» ወጣ፤ መንበር በአማርኛ አፍ «ወንበር» ሆነ። ሊቀ መንበር፣ መንበረ ፓትርያርክ፣ መንበረ መንግሥት ሁሉም የዚህ ዘር ናቸው። በድሮው ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው «ወንበር» ይባሉ ነበር፤ ሰውዬው በተቀመጠበት ዕቃ ተጠራ ማለት ነው። በቆሎ ትምህርት ቤትም መምህሩ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል፤ ወንበሩ መሬት ላይ የተነጠፈ አጎዛ ቢሆንም።

አሁን አንዲት ነገር አስተውሉልኝ። ይኸው «ነበረ» ወደ አማርኛ ሲመጣ መቀመጡን ትቶ ያለፈ ጊዜ ሆነ። «ሚኒስትር ነበሩ» ስንል ዛሬ አይደሉም ማለታችን ነው። ወንበርና ነበር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰዉ ተቀምጦ ሳለ የምንጠራበትም፣ ከተነሣ በኋላ የምናስታውስበትም ቃል ከአንድ ሥር ነው። ሌላ ቋንቋ ለመናገር ያልታደለውን ቅኔ አማርኛ በሰዋስው ውስጥ ደብቆ አስቀምጦታል፤ እኛ ግን በየቀኑ እየተናገርነው አንሰማውም።

ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ። ቃሉ ከላቲን ነው። ላቲኑ «ኢንኩምበሬ» ይላል፤ በአንድ ነገር ላይ መደገፍ፣ መጋደም፣ ክብደትን መጣል ማለት ነው። ዶሮ እንቁላሏን ስትታቀፍ የሚባለው የፈረንጅ ቃል የዚህ ዘመድ ነው። እንግሊዞች ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሙበት ለቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ አንድን ደብር ከነመሬቱና ከነገቢው የያዘ ካህን ማለት ነው። ወደ ፖለቲካው የገባው በኋላ ነው። እንግዲህ ላቲኑ ሹመኛውን አላስቀመጠውም፤ አስተኛው!

ሳቃችሁ። የእኛንም ስሙ እንጂ። የንጉሥ መቀመጫ በአማርኛ ምንድን ነው? አልጋ። የዘውዱ ተረካቢ «አልጋ ወራሽ» ነው። ንጉሡ «አልጋው ጸናለት» ይባላል። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. የተሾሙት «አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ተብለው ነው። በሮም የተጋደመው ሥልጣን በሸዋም አልጋ ላይ ነበር። በታሪካችን አልጋው ከምሳሌ አልፎ እውነተኛ አልጋ የሆነበት ጊዜም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ታመው ተኝተው ሳለ አገሩ በስማቸው ይገዛ ነበር። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው በዐዋጅ ሳይነገር ቆየ። ልጅ ኢያሱ እስከ መስከረም 1909 ዓ.ም. ሲገዙ ዘውድ አልደፉም። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ኢንከምበንቱ ማን ነበር? በአልጋው የተኛው ወይስ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያዘው? ፈረንጁ ቃሉን ቢሰጠንም መልሱን አይሰጠንም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሲያወርድ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በስዊዘርላንድ ሕክምና ላይ ነበሩ። የዕለቱ ዐዋጅ ከሕክምና ሲመለሱ ንጉሥ ይሆናሉ አለ። አልተመለሱም፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ዘውዱ ራሱ ተሻረ። ኢያሱ ዘውድ ሳይኖራቸው ተቀመጡ፤ አስፋ ወሰን ሳይቀመጡ በወረቀት ነገሡ።

እዚህ ላይ ለምን አንድ ቃል እንዳላበጀን የራሴን ግምት ልናገር። አማርኛ ለሹመት ቃል ቸግሮት አያውቅም። መግቢያው ላይ ደጅ መጥናት አለ፤ ባላባቱ ወራት ሙሉ ግቢ በር ላይ ቆሞ የሚማስንበት። ከዚያ መሾም አለ፤ «ሹመት ያዳብር!» አለ። የንጉሠ ነገሥቱ ማዕርግ ራሱ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ነው፤ የተሾመ፣ እግዚአብሔር ያኖረው ማለት ነው። መውጫው ላይ ደግሞ መሻር፣ መውረድ፣ መነሣት አለ። ይኸ መነሣት ደስ ይለኛል። ዜናው «ሚኒስትሩ ከኃላፊነታቸው ተነሡ» ሲል ሰውዬው እንግዳ ሊቀበል ብድግ ያለ ይመስላል፤ ገፍተው ያስነሡት መሆኑን ሰዋስው አይናገርም። ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተን «ሹም ሽር» ብለናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም የሚያየው ሁለቱን በሮች ነው። በመካከሉ ላለው፣ ገብቶ ገና ላልወጣው ሰው ግን ለብቻው ስም አልሰጠንም።

ምክንያቱ ይመስለኛል ማዕርጉ ከወንበሩ ጋር ሳይሆን ከሰውዬው ጋር ስለሚሄድ ነው። ፊታውራሪ ጦሩ ተበትኖ፣ መሬቱ ተወርሶ እንኳ እስኪሞት ፊታውራሪ ነው። ገብሩ ደስታ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ ሆነው ከወረዱ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን «ከንቲባ ገብሩ» ተባሉ፤ በታሪክ መጽሐፍም ዛሬ ድረስ ያው ናቸው። መዝገበ ቃላት ያዘጋጁልን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ዛሬ ድረስ አለቃ ናቸው። በዚህ ሥርዓት «የአሁኑ ከንቲባ» ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ከንቲባ ቢኖር ሦስቱም ከንቲባ ናቸው። «የቀድሞ» የሚለውን የግድ ያደረገብን ጋዜጣና ምርጫ ነው። አሁንም ቢሆን ከሥልጣን የወረደ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ «ክቡር ሚኒስትር» ስንለው ማንም አይስቅም። እዚህም «ኦነሬብል» አንዴ ከተጠራ የሚወልቅ አይደለም፤ እናንተ ከእኔ ታውቃላችሁ።

ወረቀት ላይ የለመድነው «ባለሥልጣን» ነው። «ባለ» ጌታ፣ ባለቤት ማለት ስለሆነ ባለሥልጣን የሥልጣን ባለቤት ነው። በቢሮው ጠረጴዛ ማዶ የቆመው ደግሞ ባለጉዳይ ነው። ሁለት ባለቤቶች ፊት ለፊት፤ የአንዱ ንብረት ሥልጣን፣ የሌላው ንብረት ጉዳይ! እንግሊዝኛው ቢያንስ አልጋው የሌላ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ሰውዬው የተጋደመበት እንጂ የገዛው አይደለም። በዚያ ላይ ዘመናዊው አስተዳደር መሥሪያ ቤቱንም ባለሥልጣን ብሎ ሰየመው፤ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን። «ባለሥልጣኑ አስታወቀ» የሚል ዜና ስታነቡ ሰው ይሁን ሕንፃ ለይታችሁ ታውቃላችሁ? «መንግሥት» የሚለው ቃልም ያው ችግር አለበት። አገሩም፣ አስተዳደሩም፣ አሁን ያሉት ሰዎችም መንግሥት ናቸው። ስለዚህ ሰዎቹን የነቀፈ አገሩን የነቀፈ ይመስላል፤ ይህን ጉድለት ብዙ ሰው በሕይወቱ ከፍሎበታል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኦዊኖ ገበያ ለምትነግዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጣል። «ገዢው ፓርቲ» እንላለን። ገዢ አገር የሚያስተዳድር ነው፤ ገዢ ሚቩምባ የሚባለውን ልባሽ ልብስ መርጦ ዋጋ የሚከራከርም ነው። የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ለሊቃውንቱ ልተወውና እንለፍ።

በእኛ ዘመን ቃሉ በጣም ያስፈለገን ወንበሩ ግማሽ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ እስከ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. «ተጠባባቂ» ተባሉ። ተጠባባቂ! ሌላ ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስላል፤ የመጣው ግን ራሳቸው ናቸው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ ደግሞ እስከ መጋቢት 24 «ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር» ሆነው ቆዩ። አገር እየመሩ ይሰናበቱ ነበር። አዲስ አበባም የራሷ አላት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀርቶ ከተማዋ በ«ባለ አደራ» አስተዳደር ተመራች። በኋላም ኢንጂነር ታከለ ኡማ የከንቲባውን ሥራ ሁሉ እየሠሩ «ምክትል ከንቲባ» ነበሩ፤ ከንቲባ የሌለው ምክትል።

«ጊዜያዊ» ስለሚለው ቃልማ ባልናገር ይሻላል። ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ በጊዜያዊነቱ 13 ዓመት ቆየ።

ከሁሉ የከበደው ግን የ2012ቱ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ምርጫው ተራዘመ። የምክር ቤቶቹ ዘመን ሊያልቅ ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። አንዱ ወገን «ሕጋዊ ነው» አለ፤ ሌላው «ዘመኑ ካለቀ በኋላ መንግሥት የለም» አለ። ክርክሩን ዛሬ አልፈርድም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚጣሉበት ነገር በአማርኛ አንድ ስም አልነበረውም። ወንበሩ ላይ መሆንና ወንበሩ የሚገባው መሆን ሁለት ነገር ነው። ኢንከምበንት የሚናገረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ተቀምጧል ይላል፤ ይገባዋል ወይም አይገባውም አይልም። ለዚህ ዝምታው ስል ቃሉን እወደዋለሁ።

ይኸው ጥያቄ በዚህ አገር እስከ ሰፈር ወርዷል፤ እናንተም ደብዳቤውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ኖራችሁበታል። የኤልሲ ዋን ሰብሳቢዎች በ2001 ተመረጡ፤ የኡጋንዳውን ዓመት ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2007 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የመንደር ምክር ቤቶቹ ከመድብለ ፓርቲ በፊት በነበረው ሥርዓት የተመረጡ ናቸውና ሕጋዊ አይደሉም አለ። ቀጣዩ ምርጫ የተደረገው ሐምሌ 2018 ነው፤ ሕዝቡ ከየዕጩው ኋላ ተሰልፎ በቁመት ተቆጠረ። በመካከሉ 17 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ሰው ቤት ተከራይቷል፣ መሬት ገዝቷል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተካሷል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ማኅተሙንም የመታው ያው ሴንቴቤ ነው። ፍርድ ቤቱ የለህም ያለው ሰው፣ ሰፈሩ ግን ያለ እሱ ውሎ የማያድር። የ2018ቱም ተመራጮች ዘመናቸው ሲያልቅ ምርጫው በሰዓቱ አልደረሰም፤ ጊዜያቸው ደጋግሞ ተራዘመ።

ከፍ ብለን ብናይ ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ ከጥር 1986 ጀምሮ በወንበሩ አሉ፤ በ2005 የሥራ ዘመን ገደቡ፣ በ2017 የዕድሜ ጣሪያው ከሕገ መንግሥቱ ወጥቷል። እዚህ ያደገ የ30 ዓመት ወጣት «ኢንከምበንቱ ፕሬዚዳንት» የሚለውን የሰማው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ስለሆነ የተጸውዖ ስም ቢመስለው አልፈርድበትም። ታች ባለው ወንበር ግን ቃሉ ይንቀጠቀጣል፤ በጥር 2021 የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሴካንዲ የፓርላማ መቀመጫቸውን በምርጫ አጥተዋል።

ኳስ ወዳዶች እንዳትሰለቹ። አንድ ደቂቃ ብቻ በመስኮቱ ተመልከቱ፤ ናኪቩቦ ስታዲየም ነው። ከ1926 ጀምሮ የነበረው ሜዳ ፈርሶ ተሠርቶ በ2024 ሲከፈት «ሐምዝ ስታዲየም» የሚል ስም ተጻፈበት። ግንቡ ላይ ሐምዝ ነው፤ የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም «ናኪቩቦ! ናኪቩቦ!» እያለ ይጠራል። ከሁለቱ ስሞች ኢንከምበንቱ የትኛው ነው? በኳስማ አማርኛ ቃሉን አግኝቷል፤ ዋንጫውን እንደያዘ ለውድድር የሚመጣውን «የዋንጫው ባለቤት» እንላለን። በ1954 ዓ.ም. ኡጋንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ስትመጣ ባለቤቷ ግብፅ ነበረች። ግብፅ ኡጋንዳን አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ረታቻትና ዋንጫውን ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያን ዕለት ባለቤትነት ተቀየረ። ዛሬ ደግሞ እኛ «የነበርን» ነን።

የቤተ ክርስቲያናችንንም ሳልጠቅስ ባልፍ ቃሉን የወለደችውን ቤት መርሳት ይሆንብኛል። አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው፣ ተሰድደውም በሕይወት ሳሉ አቡነ ጳውሎስ፣ ቀጥሎም አቡነ ማትያስ በመንበሩ ተቀመጡ። ከ20 ዓመት በላይ ሁለት ሲኖዶስ ሆነ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ ከሁለቱ አንዱን «የቀድሞ» ማለት አልተቻለም። ሁለቱም ፓትርያርክ ሆኑ፤ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. አቡነ መርቆሬዎስ እስኪያርፉ አንድ መንበር ሁለት አባቶች ነበሩት። ጥበቡን የሠራው ሰዋስው ነው ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ግን «ወይም» በሚለው ፋንታ «ና» ስለገባ ነው የታረቅነው።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት ምን ልመልስ? ሰው የሚያቀርባቸውን ቃላት ሁሉ ቀምሻቸዋለሁ። «ነባሩ» የሚሉ አሉ፤ አይሆንም፤ ነባር ብዙ የቆየ ነው። ባለፈው ወር የተመረጠ ሰው ኢንከምበንት ነው፣ ነባር ግን አይደለም። ለቴሌኮም ኩባንያ ይሠራል፤ ሳፋሪኮም ሲገባ ኢትዮ ቴሌኮም ነባሩ ነበር። «የወቅቱ» የጋዜጠኞች ነው፤ እሱም ከዳተኛ ነው። «የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1966 ሥራ ለቀቁ» ሲባል ያን ጊዜ ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ ዛሬ ማለት ይሆናል። «ተቀማጩ» እንዳንል ባንክ ወስዶታል። «ባለ ወንበሩ» ያምራል፤ ነገር ግን ወንበሩን መልሶ ንብረቱ ያደርግለታል።

እኔ ያለሁት «በመንበሩ ያለው» ላይ ነው። ሁለት ቃል ነው፣ አውቃለሁ፤ ወጣቱ እንደገና «ማብራሪያ ነው» ይለኝ ይሆናል። ግን «ያለው» ውስጥ አሁን አለ፤ ሲነሣ «የነበረው» ይሆንና ከመንበር ሥር አይወጣም። እንግሊዝኛው አንድ ሌላ ትርጉም ደግሞ አለው፤ ግዴታ በሰው ላይ ሲወድቅ «ኢንከምበንት ነው» ይላሉ። ያኔ ሰውዬው ወንበሩ ላይ መጋደሙ ይቀርና ሥራው በእሱ ላይ ይጋደማል። ይህን በአማርኛ «ኃላፊ» ብለነው ነበር፤ ኃላፊ ደግሞ ተጠያቂም ነው፣ የሚያልፍም ነው። መሥሪያ ቤት ሁሉ በሩ ላይ ጽፎት የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

አንድ ገጠመኝ ተናግሬ ለጥያቄ ዕድል ልስጥ። ከ2018ቱ ምርጫ በኋላ ባሉት ቀናት ደብዳቤ አስፈለገኝና ወደማውቃቸው ሴንቴቤ ቤት ሄድኩ። «ተሸንፌአለሁ፣ ወደ አዲሱ ሂድ» አሉኝ። አዲሱ ዘንድ ስደርስ «ደብዳቤውን እጽፍልሃለሁ፤ ማኅተሙ ግን ገና እሳቸው ዘንድ ነው» አለኝ። ተመለስኩ። በሦስተኛው ምልልስ ሰለቸኝና ሁለቱን አንድ ላይ ለመንኳቸው፤ ማንጎው ዛፍ ሥር ተገናኘን። ሽማግሌው ማኅተሙን በሰማያዊ የፕላስቲክ ካቬራ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አዲሱ ፈረመ፣ አሮጌው መቱ። ሁለቱም ቆመው ነበር፤ እዚያ የነበረችውን አንዲት ወንበር «እንግዳ ነው» ብለው የሰጡት ለእኔ ነው።